ሁሉም ሰው በመጨረሻ ይድናል ብሎ የሚያምን ክርስቲያን ነው?

ጠያቂ_ልብ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሰሞኑ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስንከራከር ነው የከረምነው። እሱ በመጨረሻ ሁሉም ሰው ይድናል ብሎ ያምናል። ፍርድ የለም አይልም። ገሃነምም አለ ይላል። ነገር ግን ቅጣቱ አንድ ቀን ያበቃል፣ እግዚአብሔር ከፈጠራቸው አንድም አይጠፋበትም ባይ ነው።

እኔ «ይሄማ ክርስትና አይደለም» አልኩት። እሱ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ «ሁሉ በአዳም እንደሚሞቱ እንዲሁ ሁሉ በክርስቶስ ደግሞ ሕያዋን ይሆናሉና» የሚለውን አነበበልኝ (1ኛ ቆሮ. 15፥22)። እኔም ማቴዎስ 25ን አነበብኩለት። እሱ የእኔን ጥቅስ ያውቀዋል፣ እኔም የእሱን። እዚያው ቆምን።

ጥያቄዬ ማን ልክ ነው ብቻ አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚያምን ሰው ከክርስትና እምነት ወጥቷል ወይስ አልወጣም? በጣም የምወደው ሰው ስለሆነ ነገሩ ከልቤ ያስጨንቀኛል። እባካችሁ ስድብ ይቅርብን።

የወንጌል_ባሪያ

እህቴ፣ ጌታ ራሱ የተናገረውን ማንም ሊያለዝበው አይችልም። «እነዚያም ወደ ዘላለም ቅጣት፥ ጻድቃን ግን ወደ ዘላለም ሕይወት ይሄዳሉ» (ማቴ. 25፥46)። ቅጣቱም ሕይወቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያሉት። ሁለቱም ዘላለም ተብለዋል። ቅጣቱ የሚያበቃ ከሆነ ሕይወቱስ ላለማብቃቱ ምን ዋስትና አለን? ይህን ነጥብ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት አንስቶታል። እስከ ዛሬም አልደከመም።

ደግሞ ልብ በይ። ስለ ገሃነም አብዝቶ ያስጠነቀቀው ጳውሎስ አይደለም፣ ኢየሱስ ነው። ትላቸው የማይሞት፣ እሳቱ የማይጠፋ ያለው እሱ ነው። በባለጠጋውና በአልዓዛር ታሪክ መካከል ማንም የማይሻገረው ታላቅ ገደል ያኖረው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ደግሞ ስለ ይሁዳ ያለው ነው። «ያ ሰው ባልተወለደ ይሻለው ነበር» (ማቴ. 26፥24)። እስቲ አስቡት። አንድ ሰው እጅግ ረጅም ዘመን ተቀጥቶ በመጨረሻ ወደማያልቅ ደስታ የሚገባ ከሆነ መወለዱ ነው የሚሻለው። ይህን ጥቅስ ከሁሉም መዳን ጋር አስታርቆ ያሳመነኝ ሰው የለም።

ሐመልማል

የጠያቂዋ ጓደኛ እኔ አይደለሁም። ግን እኔም እንደ እሱ ነው የማምነው። ስለዚህ የሚናገርለት ሰው ቢኖር ብዬ ገባሁ።

ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። እግዚአብሔር ሰዎች ሁሉ እንዲድኑ ይወዳል (1ኛ ጢሞ. 2፥4)። እግዚአብሔር የወደደውን ከመፈጸም የሚያግደው የለም። አንዳንድ ሰዎች ለዘላለም ይጠፋሉ። ለሦስቱም ጥቅስ መጥቀስ ይቻላል። ሦስቱ ግን አንድ ላይ አይቆሙም። ቶማስ ታልቦት የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ ይህን በደንብ አሳይቶታል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ክርስቲያን አንዱን ያለዝባል። የካልቪን ተከታዮች የመጀመሪያውን ያለዝባሉ። በ1618 እና 1619 የተሰበሰበው የዶርት ሲኖዶስ የክርስቶስ ሞት ለዓለም ሁሉ የሚበቃ ቢሆንም፣ በእርግጥ የሚያድነው ግን የተመረጡትን ነው ብሏል። አብዛኛው ሌላ ክርስቲያን ሁለተኛውን ያለዝባል። እግዚአብሔር ይፈልጋል፣ የሰው ነጻ ፈቃድ ግን ያስቀረዋል ይላል። እኛ ደግሞ ሦስተኛውን ነው የምናለዝበው። ታዲያ የእኛ ብቻ ለምን «ጥቅስ ማጣመም» ይባላል?

ጳውሎስን እስከ መጨረሻው አንብቡት። «እግዚአብሔር ሁሉን ይምር ዘንድ ሁሉን በአለመታዘዝ ዘግቶታልና» (ሮሜ 11፥32)። በሮሜ 5፥18 ኩነኔው የደረሰባቸው ሁሉ ጽድቁም የሚደርሳቸው ሁሉ ናቸው። በቆላስይስ 1፥20 በመስቀሉ ደም ሰላም አድርጎ በሰማይም በምድርም ያለውን ሁሉ ያስታርቃል። «ሁሉ» የሚለውን በመጀመሪያው ግማሽ ሙሉ አድርገን፣ በሁለተኛው ግማሽ ስናጎድለው አይከብደንም?

የወንጌል_ባሪያ

ሐመልማል፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 15ን አንድ ቁጥር ወደ ታች ውረድ። «ለክርስቶስ የሆኑት» ይላል። በአዳም የሆነ ሁሉ ይሞታል፣ በክርስቶስ የሆነ ሁሉ ሕያው ይሆናል። ያው ጳውሎስ ነው ለተሰሎንቄ ሰዎች የዘላለም ጥፋት የሚቀጡ አሉ ብሎ የጻፈው (2ኛ ተሰ. 1፥9)። ጳውሎስን ከጳውሎስ ጋር ማጋጨት አይሆንም።

መዝገበ_ቃል

ልጆቼ፣ ጥቅሱን በደንብ ይዛችሁታል። እኔ የጎደለውን ታሪክ ልጨምር። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ትምህርት የትናንት ፈጠራ አይደለም። በ3ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ኦሪገን ፍጥረት ሁሉ በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል ብሎ ጽፏል። በ4ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ተመሳሳይ ተስፋ ነበረው። የእሱ ነገር ጠለቅ ይላል። ክፋት የራሱ ህልውና የለውም፣ የመልካም ነገር ጉድለት ነው ይላል። ስለዚህ ክፋት ዳርቻ አለው። መልካሙ እግዚአብሔር ግን ዳርቻ የለውም። ሰው በክፋት ምን ያህል ቢሮጥ አንድ ቦታ መንገዱ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወደ መልካሙ መዞር ብቻ ነው። እሳቱም ለጎርጎርዮስ ወርቅን ከባዕድ ነገር እንደሚለይ እሳት ነው። ያማል፣ ነገር ግን የሚያቃጥለው ባዕዱን ነው።

እንግዲህ ውግዘቱ። ኦሪገን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ400 ገደማ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ ትምህርቱን አወገዘ። በ543 ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ ባወጣው ጽሑፍ የአጋንንትና የኃጥኣን ቅጣት ያበቃል የሚለውን በግልጽ አወገዘ። ከ553ቱ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ጋር የሚያያዙ 15 ውግዘቶችም አሉ። የመጀመሪያው ውግዘት ነፍሳት ከሥጋ በፊት ነበሩ የሚለውን እና ከእሱ የሚከተለውን መመለስ ነው የሚነቅፈው። እነዚህ 15ቱ የጉባኤው ይፋዊ ውሳኔ ናቸው ወይስ አይደሉም በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ። የ451ዱን የኬልቄዶን ጉባኤ ያልተቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የ553ቱን ከጉባኤዎቻቸው አይቆጥሩትም።

ጎርጎርዮስ ግን በስሙ አልተወገዘም። እንዲያውም በ787 በኒቅያ የተሰበሰበው ጉባኤ የአባቶች አባት ብሎ አክብሮታል።

ይህን የምለው አንዱን ለመደገፍ አይደለም። ሁለቱንም ወገን ጥንቃቄ እንዲይዘው ነው። «ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ሁሌም ይህን አውግዛለች» የሚል ሰው ጎርጎርዮስን ረስቷል። «የቀድሞ አባቶች ሁሉ ይህን ነበር የሚያምኑት» የሚል ሰው ደግሞ ዮሐንስ አፈወርቅንና አውግስጢኖስን ረስቷል። ብዙዎቹ መምህራን የዘላለም ቅጣትን ነው ያስተማሩት።

ጠያቂ_ልብ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ጎርጎርዮስ ይህን አላውቅም ነበር። በጸሎተ ሃይማኖት ላይስ ስለዚህ የተባለ ነገር አለ?

መዝገበ_ቃል

በኒቅያው የሃይማኖት ጸሎት በሕያዋንና በሙታን ይፈርድ ዘንድ በጌትነት ይመጣል ይላል። ለመንግሥቱ ፍጻሜ የለውም ይላል። የሙታንን መነሣት፣ የሚመጣውንም ሕይወት ተስፋ እናደርጋለን ይላል። ስለ ቅጣቱ ርዝመት አይናገርም። በምዕራቡ ዓለም በአትናቴዎስ ስም የሚጠራው የእምነት መግለጫ ግን ክፉ የሠሩ ወደ ዘላለም እሳት ይሄዳሉ ይላል። ሉተራውያን በ1530 ባቀረቡት የአውግስቡርግ መግለጫ ደግሞ አንቀጽ 17 ላይ የኃጥኣንና የአጋንንት ቅጣት ያበቃል የሚሉትን በቀጥታ ይኮንናል። ስለዚህ መልሱ የትኛውን መግለጫ ትቀበያለሽ በሚለውም ይወሰናል።

የፍትሕ_ያለህ

ሁላችሁም ስለ ኃጢአተኛው ነው የምታወሩት። እስቲ ስለ ተበደለው እናውራ።

በዓለም ላይ ሰው በሰው ላይ የሚሠራውን እናያለን። ሕፃናትን የሚያርዱ አሉ። ሴቶችን የሚደፍሩ አሉ። ሕዝብን ሙሉ ያስጨረሱ፣ አርጅተው አልጋቸው ላይ በሰላም የሞቱ አሉ። የሟች እናት ለልጇ ፍትሕ ሳታይ ታልፋለች። ለእሷ የቀራት አንድ ነገር ቢኖር የእግዚአብሔር ፍርድ ነው። አሁን እናንተ መጥታችሁ «አይዞሽ፣ ገዳዩም በመጨረሻ ከልጅሽ ጎን ይቀመጣል» ትሏታላችሁ? በእኔ በኩል ይህ ምሕረት አይደለም። ሁለተኛ በደል ነው። በራእይ 6 የታረዱት ነፍሳት «እስከ መቼ አትፈርድም?» ብለው ሲጮኹ እግዚአብሔር ዝም በሉ አላላቸውም። ነጭ ልብስ ሰጥቶ ጥቂት ዕረፉ ነው ያላቸው።

ሐመልማል፣ ይህን መልስልኝ። ጥቅስ አትደርድርብኝ።

ሐመልማል

በዚህ ርዕስ ላይ ከተነሱት ሁሉ የከበደው ይህ ነው። በጥድፊያ ልመልስልህ አልፈልግም።

መጀመሪያ እስማማለሁ። ያችን እናት ያለ ፍርድ «ይቅር በይ» የሚላት እምነት የእኔ እምነት አይደለም። ገዳዩ እንደ ገዳይ ሆኖ ከልጇ ጎን አይቀመጥም። እኔ የማምነው እሳት የሠራውን ሁሉ የሚያሳየው እሳት ነው። የልጁን ፍርሃት፣ የእናትየውን ለቅሶ፣ የሰረቀውን ዕድሜ ሁሉ በእነሱ ቦታ ሆኖ እስኪያውቀው ድረስ። ራሱን የሚያታልልበት ሰበብ በሙሉ እስኪቃጠል ድረስ። ይህ ቀላል ቅጣት ከመሰለህ በአንድ ሰው ላይ የሠራኸውን አንድ ክፋት ያለ ሰበብ ለመመልከት ሞክር።

ሁለተኛ፣ ለዘላለም የሚቃጠል ገዳይ ለዘላለም ገዳይ ነው። እየጠላ፣ እየተራገመ፣ በሠራው ሳይጸጸት ይኖራል። እንግዲህ ክፋቱ ተሸነፈ ወይስ ተቆለፈበት? ለእኔ ፍትሕ የሚሟላው ገዳዩ ከልቡ «ያደረግኩት ይህ ነው፣ ምንም ሰበብ የለኝም» ብሎ በልጁ ፊት ሲወድቅ ነው። ይቅር የማለት መብቱ ደግሞ የልጁ ነው፣ የእኔ አይደለም።

በነገራችን ላይ ይህን ሐሳብ ከባዕድ አላመጣሁትም። ማር ይስሐቅን ያነበበ ሰው በገሃነም ያሉት በፍቅር አለንጋ ይገረፋሉ የሚለውን ያውቀዋል። ፍቅርን የበደለ ሰው ሥቃይ ከማንኛውም ሥቃይ ይበልጣል ይላል።

መዝገበ_ቃል

ማር ይስሐቅ ከተነሣ አንድ ነገር ላክል። የ7ኛው መቶ ዓመት መነኩሴና የነነዌ ጳጳስ ነበር። የጻፈውም በሶርያ ቋንቋ ነው። በግእዝ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ሆኖ ይነበባል። ለዘመናት በሰፊው የታወቀው የጽሑፉ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ሁለተኛው ክፍል ሙሉው የጠፋ ይመስል ነበር። በ1983 ሰባስቲያን ብሮክ የተባለ የሶርያ ቋንቋ ሊቅ በኦክስፎርድ የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። እዚያ ላይ ማር ይስሐቅ ሐሳቡን ይገልጠዋል። እግዚአብሔር ለበቀል ብሎ አይቀጣም፣ ገሃነምም የተዘጋጀው ለምሕረት ፍጻሜ ነው ይላል። ስለዚህ ይህን ተስፋ የያዘ ሰው ሁሉ ለኃጢአት ፈቃድ የሚፈልግ አይደለም። ማር ይስሐቅ ዕድሜውን በጾምና በዕንባ የጨረሰ ሰው ነው።

የፍትሕ_ያለህ

ሐመልማል፣ አመሰግናለሁ። አልተስማማሁም፣ ግን ቁስሉን አልዘለልከውም። እኔን አሁንም የሚይዘኝ ይህ ነው። ልጁ ይቅር ባይልስ? መብቱ የእሱ ነው ካልክ እምቢ ማለትም መብቱ ነው። ያኔ «ሁሉም ይድናል» ያልከው የሚንጠለጠለው በተበዳዩ ላይ ነው። ተበዳይን እንደገና ታስገድደዋለህ ማለት ነው።

ዝምተኛ_አንባቢ

ሦስተኛ አቋም እንዳለ ላስታውስ ብዬ ነው። ኃጥኣን ለዘላለም አይሠቃዩም፣ ለዘላለምም አይኖሩም፣ ይጠፋሉ የሚል። እሳቱ አይጠፋም፣ የተጣለበት ግን ያልቃል። የታወቀው የእንግሊዝ ሰባኪ ጆን ስቶት በ1988 ይህን ሐሳብ በጥንቃቄ ደግፏል። «የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው» ይላል እንጂ የማያልቅ ሥቃይ ነው አይልም።

ሐመልማል

ዝምተኛ፣ አከብረዋለሁ። ግን በዚያ አቋም ሞት በአንዳንዶች ላይ አሸናፊ ሆኖ ይቀራል። ጳውሎስ ደግሞ የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው ይላል።

የወንጌል_ባሪያ

እኔን የሚያስፈራኝ ፍሬው ነው። ሁሉም የሚድን ከሆነ ንስሓ ለምን? ስብከት ለምን? በአሜሪካ በ18ኛው መቶ ዓመት የሁሉንም መዳን የምትሰብክ ቤተ ክርስቲያን ተነስታ ነበር። ጆን መሪ የሚባል ሰባኪ በ1770 ከእንግሊዝ ተሻግሮ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ላይ ክርስቶስንና መስቀሉን ነበር የሚሰብኩት። በ1961 ሥላሴን ከማይቀበሉት ዩኒቴሪያኖች ጋር ተዋህዳ አንድ ማኅበር ሆነች። ዛሬ ያ ማኅበር አባላቱ በክርስቶስ እንዲያምኑ አይጠይቅም። ይህ ተራ አጋጣሚ አይመስለኝም። ፍርድን ያቀለለ ትውልድ፣ ልጆቹ መስቀልን ያቀልላሉ።

ሐመልማል

ታሪኩ እውነት ነው፣ እኔም ያሳዝነኛል። ነገር ግን ጎርጎርዮስ ሥላሴን አላቀለለም፤ ለሥላሴ ከታገሉት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነው። የዘላለም ገሃነምን አጥብቀው የሰበኩ አብያተ ክርስቲያናትም ባዶ ሆነው ሲቀሩ አይተናል። ሰው የሚሰብከው እኮ የታመመ ስላለ ነው። የማይገድል በሽታ ነው ተብሎ ማንም ልጁን ሳያሳክም አይተውም።

ማኅቶት

ክሩን ከመጀመሪያው እስከዚህ አነበብኩት። አንድ ነገር ያልተነሣ መስሎኛል። «ሁሉም ይድናል» ብሎ ማስተማር እና «ሁሉም ይድን ዘንድ ተስፋ አደርጋለሁ» ማለት አንድ አይደሉም።

በሉቃስ 13 አንድ ሰው ጌታን «የሚድኑ ጥቂቶች ናቸውን?» ብሎ ጠየቀው። ጌታ ጥቂት ናቸው አላለም። ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ናቸውም አላለም። «በጠበበው በር ለመግባት ተጋደሉ» አለ። ጥያቄውን ከቁጥር ወደ ጠያቂው መለሰው። እኔ ይህን መልስ እስካሁን ማንም እንዳላሻሻለው ነው የማምነው። አንዳንዱ «ብዙው ይጠፋል» ብሎ ከጌታ በላይ ያውቃል። ሌላው «ማንም አይጠፋም» ብሎ ከጌታ በላይ ያውቃል።

የካቶሊኩ የነገረ መለኮት ሊቅ ሃንስ ኡርስ ፎን ባልታዛር በ1980ዎቹ የተሟገተው ለዚህ ነው። ስለ ሰው ሁሉ ተስፋ ማድረግ ይፈቀዳል ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው አለ። እርግጠኛ ነኝ ማለት ግን አይቻልም። ብዙ ተነቅፏል። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስም ቤተ ክርስቲያን ማንም እንዳይጠፋ እንደምትጸልይ ይናገራል (ቁጥር 1058)። ያው መጽሐፍ ገሃነም እንዳለና ዘላለማዊ እንደሆነ ያስተምራል። ሁለቱን አብሮ ይዟል።

ይህ መሸሻ መንገድ አይደለም። ሐመልማል የደረደራቸውን ሦስቱን ነገሮች እንደገና ተመልከቱ። መጽሐፍ ሦስቱንም ይዞ አያስታርቃቸውም። ማስጠንቀቂያው ለእኔ ተጽፏል። በእሱ እፈራለሁ። ተስፋው ደግሞ ስለ ሌላው ሰው ተሰጥቶኛል። በእሱ እጸልያለሁ። የሚበላሸው ሲገላበጥ ነው። ተስፋውን ለራሴ፣ ማስጠንቀቂያውን ለጎረቤቴ ሳደርገው።

የፍትሕ_ያለህ ያነሣው ጥያቄም እርግጠኝነትን ነው የሚመታው እንጂ ተስፋን አይመታም። ልጁን ማንም አያስገድደውም። እሱ ይቅር እንዲል ተስፋ ማድረግ ግን ማስገደድ አይደለም።

ሐመልማል

ማኅቶት፣ በአንዱ እንለያያለን። ተስፋዬ በእግዚአብሔር ማንነት ላይ የቆመ ከሆነ ለምን «ምናልባት» ልበል? ልጁን በተመለከተ ግን የፍትሕ_ያለህ ጥያቄ በእጄ ነው ያለው። ወደ ሙሉ ፍቅር የገባ ልጅ ጥላቻን ይዞ ይቀራል ብዬ አላምንም። የይሁዳው ጥቅስም እንደ ከበደኝ ነው። ከባድ የኀዘን አነጋገር ነው የሚሉ አሉ። ኢዮብም ኤርምያስም የተወለዱበትን ቀን ረግመዋል፣ ሁለቱም አልጠፉም። ለእኔ ይህ ያስኬዳል። የወንጌል_ባሪያን እንደማያረካው አውቃለሁ።

የወንጌል_ባሪያ

አዎ አያረካኝም። ኢዮብ የራሱን ቀን ረገመ፣ በሥቃይ ውስጥ ሆኖ። ስለ ይሁዳ የተናገረው ግን የሚያውቀው ጌታ ነው።

ጠያቂ_ልብ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህር፣ አንድ ቀጥተኛ መልስ ከእርስዎ ልስማ። ጓደኛዬ ከእምነት ወጥቷል?

መዝገበ_ቃል

ልጄ፣ በክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ካመነ፣ ፍርድን ካልካደ፣ መዳን ከክርስቶስ ውጭ ነው ካላለ ከእምነት ወጥቷል ብዬ አልፈርድበትም። እንደ ተስፋ ቢይዘው ከእሱ በፊት ቅዱሳን ይዘውታል። የታወቀ ትምህርት አድርጎ በጉባኤ ቆሞ ካስተማረው ግን አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ከያዘው ጋር ይጋጫል። ያኔ የሚመለከታቸው መምህራን ሊያርሙት መብት አላቸው። መስቀሉ ሳያስፈልግ ሁሉም ይድናል ካለ ደግሞ ያ ሌላ ወንጌል ነው። ከምትነግሪን ግን እንዲህ አላለም።

የወንጌል_ባሪያ

በዚህ ከመምህር ጋር ብዙም አልራቅም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥4 የሚመጣው ጳውሎስ ስለ ሰዎች ሁሉ ልመናና ጸሎት ይደረግ ካለ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲድን መጸለይ ትእዛዝ ነው፣ ይህን ከልቤ አደርገዋለሁ። ሁሉም መዳኑ አይቀርም ብሎ መስበክን ግን አልቀበልም። እህቴ፣ ለጓደኛሽ ይህንንም ያንንም ንገሪው።